ቡናዬ ለንደን ላይ ክርክር ገጠመው፤ ገላጋይ ዳኞቹ በምን ይፈርዳሉ?

ላኪው፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ኮንቴነር የታጠበ ይርጋጨፌ ልኬ ነበር፣ 320 ጆንያ። ገዢው «ሻጋታ ሻጋታ ይላል፣ በአንድ ፓውንድ ክብደት (ግማሽ ኪሎ ገደማ) 40 የአሜሪካ ሳንቲም ቀንስልኝ» አለ። እምቢ ስለው ወደ ግልግል ዳኝነት ወሰደው። ውላችን የአውሮፓ መደበኛ የቡና ውል ነው፣ ግልግሉም ለንደን ይላል። አጎቴ «ዝም በላቸው፣ እዚህ ድረስ መጥተው ምን ያደርጉሃል?» ይለኛል። እኔ ደግሞ እንደ አገር ሽማግሌ አስታርቀው 20 ላይ ያቆሙታል ብዬ ነበር። የምታውቁ ንገሩኝ።

ቀማሹ፦
ወንድሜ፣ ሁለቱም ሐሳብ ያስከፍልሃል። 14 ዓመት ቅምሻ ቤት ሠርቻለሁ። እነዚህ የሚያስታርቁ ሳይሆኑ የሚፈርዱ ናቸው። በጥራት ክርክር አብዛኞቹ ራሳቸው የቡና ሰዎች ናቸው። ጥሬውን በዓይን ያዩታል፣ ቆልተው ይቀምሱታል። ከዚያ ውሉ ከሚለው ጋር ያስተያዩታል። ጉድለት ካገኙ «ይህ ገበያ ላይ ስንት ያወርዳል?» ብለው ይተምናሉ። 40 ሊሆን ይችላል፣ 5 ሊሆን ይችላል፣ ምንም ላይኖርም ይችላል። ቡናው ከውሉ ጨርሶ ካልራቀ በቀር መልሰህ ውሰድ አይሉህም።

አሁን ዋናው ነገር፦ ገዢው ከመጫንህ በፊት ናሙና አጽድቆልሃል? ውሉ በጸደቀ ናሙና ከሆነ ቡናህ የሚለካው በዚያ ነው። ያስቀረኸው ናሙና የት አለ? እኔ ከ6 ዓመት በፊት የተቃጠልኩት በዚህ ነው። የኛን ሳገኘው ላስቲኩ ተከፍቶ መደርደሪያ ላይ ነበር፣ አጠገቡ የቀለም ቆርቆሮ። ስቀምሰው ቀለም ቀለም አለኝ። ያን ይዤ ማንን ላሳምን? የላክነው ቡና ንጹሕ እንደነበር ዛሬም እምላለሁ። ተሸነፍን።

ጠበቃዋ፦
አጎትህን በዚህ አትስማቸው። ኢትዮጵያ በፈረንጆች 1958 የወጣውን፣ የውጭ አገር የግልግል ውሳኔዎችን ስለማስፈጸም የሚደነግገውን የኒውዮርክ ስምምነት በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1184 አጽድቃለች። ስለዚህ የለንደኑን ውሳኔ እዚህ ፍርድ ቤት አምጥተው ሊያስፈጽሙብህ ይችላሉ። ፍርድ ቤቱ የጥራቱን ክርክር እንደ አዲስ አይከፍተውም። ከሚያያቸው ጥቂት ነገሮች መካከል ጥሪ ደርሶሃል ወይ፣ የመከራከር ዕድል ነበረህ ወይ የሚሉት ይገኙበታል። ደርሶህ ዝም ካልክ ይህን መከራከሪያ በገዛ እጅህ ጣልከው። የመልስ ቀነ ገደቡን ዛሬውኑ እይ።

ላኪው፦
መጋዘን ሄጄ መጣሁ። ናሙናው አለ፣ ማኅተሙም አልተነካም። ግን ላዩ ላይ ያለው የሎት ቁጥር (የቡናው መለያ ቁጥር) ከመጫኛ ሰነዱ ጋር በአንድ አኃዝ ይለያያል።

ቀማሹ፦
ያጸደቀበትን ኢሜይል አሁኑኑ ፈልግ። እዚያ ላይ የተጻፈው የትኛው ቁጥር ነው?