የክረምት ዕቅድ፦ መጽሐፉ ወደ ልጁ ይሂድ

ከማኅበሩ ጸሐፊ፦

ጤና ይስጥልኝ ውድ አባላት። የልጆች ቤተ መጻሕፍታችንን የክረምት ዕቅድ የምናጸድቅበት ጠቅላላ ጉባኤ ደርሷል። ግልባጩን ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤትም እናስገባለን። ስለዚህ አንድ ወጥ ሐሳብ ይዘን ብንቀርብ ጥሩ ነው። ኮሚቴው ያረቀቀው ባጭሩ ይሄ ነው፦ ተጨማሪ መደርደሪያ ማሠራት፣ መጻሕፍት መግዛት፣ ግድግዳውን ማስቀባት፣ በመስከረም 6ኛና 8ኛ ክፍል ለሚገቡ ልጆች የማጠናከሪያ ትምህርት መስጠት፣ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ደግሞ እንግዶች የሚገኙበት የመክፈቻ ፕሮግራም ማዘጋጀት። የሚጨመረውን ጨምሩ፣ የሚቀነሰውን ቀንሱ። ዝም ያለ ተስማምቷል ብዬ አልወስድም፤ ሁላችሁም ጻፉ።

ከቤተ መጻሕፍቱ አስተባባሪ፦

ጸሐፊያችን እናመሰግናለን። ረቂቁን ደጋግሜ አነበብኩት። መደርደሪያውም ቀለሙም ያስፈልገናል። ግን የተዘረዘረው ሁሉ የሚጠቅመው አሁንም የሚመጡትን ልጆች ነው። የማይመጡትስ?

የሚመጡት አብዛኞቹ ቤተ መጻሕፍቱ ካለበት ከኮሙናሉ (ከኮንዶሚኒየማችን የጋራ መገልገያ ቤት) አጠገብ ካሉት ብሎኮች ናቸው። ቤታቸው መጽሐፍ አለ። እሰየው፣ ይምጡልን። የማይመጡት ደግሞ ሩቅ አይደሉም። በዋናው በር ጫማ የሚጠርጉት ሊስትሮዎች አሉ። ጉልት ላይ ከእናታቸው ጎን ቲማቲም የሚደረድሩት አሉ። የጥበቃዎቻችን ልጆች አሉ። በየቤታችን የሚሠሩት ልጃገረዶች አሉ፤ ብዙዎቹ የማታ ተማሪዎች ናቸው። እነዚህ ልጆች በየቀኑ በራችን ላይ ያልፋሉ፣ አይገቡም። አንዷን የጉልት ልጅ ለምን እንደማትገባ ስጠይቃት እግሯን አየት አድርጋ "ጫማዬ ጭቃ ነው" አለችኝ። ደጃፉ ላይ ያነጠፍነው ንጹሕ ምንጣፍ ነው ያስፈራት። እኛ ለማሳመር ያደረግነው ነገር ለሷ "አትግቢ" የሚል ማስታወቂያ ሆኖባታል።

ስለዚህ ሐሳቤ ይሄ ነው። በዚህ ክረምት ዋናው ሥራችን መጽሐፉን ይዘን መውጣት ይሁን። አንድ የእጅ ጋሪ፣ አንድ የዝናብ ሸራ፣ አንድ ሁለት ምንጣፍ። በቃ። ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት ነው የሚጥለው፤ ስለዚህ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ጉልቱ ጋ እንሁን። ሊስትሮዎቹ ጠዋት ጭቃውን ስለሚያጥቡ ሥራ ይበዛባቸዋል፤ ለነሱ 5 ሰዓት አካባቢ ጋብ ሲልላቸው እንሂድ።

ይሄ በአገራችን ተሞክሮ የታየ ነገር ነው። አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሆነው ሠርተው፣ አገራቸው ተመልሰው በ2003 እ.ኤ.አ. እዚሁ አዲስ አበባ ሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። እዚያ ላይ አላቆሙም። ሐዋሳ ላይ መጻሕፍቱን አህያ በሚጎትተው ጋሪ አስጭነው ልጆቹ ወዳሉበት ላኩ። እኛ አህያ አያስፈልገንም፤ ሠፈራችን በእግር የሚያልቅ ነው።

ሁለተኛው ሐሳቤ፣ መጽሐፍ ቤት ይሂድ። ውሰት እንጀምር።

ከሂሳብ ያዥ፦

የጋሪው ሐሳብ ገብቶኛል፣ ደግፌያለሁ። ውሰቱ ላይ ግን ቆም እንበል። ንብረቱን ፈርሜ የተረከብኩት እኔ ነኝ። የልጆች መጽሐፍ ዋጋ የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። አንዴ የወጣ መጽሐፍ ወይ ይቀደዳል፣ ወይ ሽሮ ይፈስበታል፣ ወይ ጭራሹን አይመለስም። ጠቅላላ ጉባኤው "መጽሐፎቹ የት ገቡ?" ሲል ምን ልበል? ያለንን በደንብ ጠብቀን ብናስነብብ አይሻልም?

ከብሎክ ነዋሪ እናት፦

ወንድማችን፣ ስጋትህ ይገባኛል። ግን እስቲ የኔን ልጅ ልንገርህ። ቤተ መጻሕፍቱ የሚዘጋው 11 ሰዓት ነው። የውሃ ተራችን የሚደርሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሰዓት ነው። ውሃ ሲመጣ ልጆች ሁሉ ተጠርተው ጀሪካን ይሞላሉ። ልጄ አንድ መጽሐፍ ጀምራ በአንድ ቁጭታ ጨርሳ አታውቅም። በማግሥቱ ስትመለስ መጽሐፉን ሌላ ልጅ ይዞታል። የጅቡና የአህያዋ ተረት መጨረሻው እንዴት እንደሆነ ከጓደኛዋ ነው የሰማችው።

ደግሞ ሌላም አለ። እናቴ እኛው ጋ ናት፣ ማንበብ አትችልም። ልጅ መጽሐፍ ይዞ ቤት ሲገባ ቤተሰቡ ሁሉ ይሰበሰባል። ትንሹ ሥዕሉን ያያል፣ አያት ትሰማለች፣ ከዚያ "እኛ አገርማ ይሄ ተረት እንዲህ ነበር የሚባለው" ብላ የራሷን ትጨምራለች። መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ያማረ መጽሐፍ ይሄን አያደርግም።

ከጡረተኛው መምህር፦

ልጆቼ፣ ጥሩ ጀምራችኋል። እኔ ስለ ማጠናከሪያ ትምህርቱ ልናገር። የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ልጆችን መርዳት ደግ ነው። ነገር ግን ችግሩ የሚጀምረው እዚያ አይደለም። በ2010 እ.ኤ.አ. በተለያዩ ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና፣ 2ኛ ክፍል ከደረሱት ልጆች 34 በመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ዓመታት አልፈዋል፤ ይሁንና የኛን ሠፈር ልጆች አስነብቡና እዩ። 4ኛ ክፍል ደርሶ ፊደል የሚያምታታ ልጅ አላጣሁም።

ለምን መሰላችሁ? ፊደሉን በዜማ ያወጡታል። ሀ ሁ ሂ ብለው ከላይ እስከ ታች ይወርዱታል። ጣታችሁን መሃል ላይ አሳርፋችሁ "ይቺ ማናት?" ስትሉ ግን ከመጀመሪያው እየቆጠሩ ይመጣሉ። 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ናቸው፣ ዲቃሎቹን ሳይጨምር። ይሄን ሁሉ በቃል መያዝና በዓይን መለየት ለየቅል ነው። ቢ እና ቤን ተመልከቱ፤ አንዷ ወደ ጎን እግር አላት፣ ሌላዋ ቀለበት። ደ እና ጀ፣ ተ እና ቸ፣ ሰ እና ሸ በአናታቸው ብቻ ነው የሚለያዩት። ልጁ ይሄን ቀስ ብሎ የሚያሳየው ሰው ይፈልጋል። 60 ልጅ በተቀመጠበት ክፍል ያ ሰው አይገኝም። እኛ ጋ ይገኛል።

ስለዚህ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ላሉት የንባብ ቡድን ይኑረን። ላንድ አስነባቢ ከ6 ልጅ አይብለጥ። ከካርቶን የተቆረጡ ፊደላት እናዘጋጅ። ልጁ ቤ እና ትን አጋጥሞ "ቤት" ይበል። ቤን ያንሳና ሌን ይተካ፤ "ሌት" ሆነ። የዚያን ጊዜ ፊቱ ሲበራ ታያላችሁ። ይሄን እኔ ለአስነባቢዎቹ አሠለጥናለሁ፣ በነጻ። ጉልበቴ ደረጃ አልወጣ ቢለኝም ኮሙናሉ ምድር ቤት ስለሆነ አይቸግረኝም።

ከወጣቶች ተወካይ፦

የኔታ፣ እኛ ዝግጁ ነን። የክረምት በጎ ፈቃድ ላይ ከተመዘገብነው መካከል ንባቡ ላይ መሥራት የሚፈልጉ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ልጆች አሉ። ጋሪውንም የምንገፋው እኛ ነን።

አንድ ነገር ልጨምር። ልጆቹ ማንበብ ብቻ ሳይሆን ራሳቸው መጽሐፍ ቢሠሩስ? ክረምቱ ለዚህ የተመቸ ነው። ነሐሴ 13 ቡሄ ነው። ልጆቹ በየበሩ የሚጨፍሩበትን ግጥም በቃላቸው ያውቁታል፣ አንዳንዱንም እዚያው ይፈጥሩታል። ያንን ግጥም በራሳቸው እጅ ይጻፉት። ለእንቁጣጣሽ ደግሞ የሚሥሉትን አበባ እዚያው ላይ ይሣሉ። ወረቀቱን አጥፈን፣ በክር ሰፍተን፣ ሽፋን አልብሰን መደርደሪያው ላይ እናኖረዋለን። መስከረም ላይ ከውጭ በእርዳታ ከመጡት የእንግሊዝኛ መጻሕፍት በፊት ይሄ እንደሚነበብ አልጠራጠርም። እነዚያ ሥዕላቸው ያምራል፣ ግን ልጆቹ ገልጠው ገልጠው ያስቀምጧቸዋል።

ከብሎክ ተወካዮች አንዱ፦

ሁሉም ሸጋ ሐሳብ ነው። አንድ ቅሬታ ግን እንደሚመጣ ይታወቅ። ከውጭ ብዙ ልጅ ወደ ግቢ ሲገባ "ዕቃ ይጠፋል፣ ጸጥታ ይደፈርሳል" የሚል ነዋሪ አለ። በጉባኤው ላይ መልስ ይዘን እንገኝ።

ከብሎክ ነዋሪ እናት፦

ጫማችንን ጠርገው የሚልኩን እነዚሁ ልጆች አይደሉም እንዴ? ቲማቲሙንስ ከማን ነው የምንገዛው? ለገበያ ስንፈልጋቸው የኛ፣ ለመጽሐፍ ሲሆን ባዳ መሆን የለባቸውም። ይሄን በጉባኤው ላይ ቆሜ እናገራለሁ።

ከቤተ መጻሕፍቱ አስተባባሪ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ውሰቱ ላይ ለሂሳብ ያዣችን በዝርዝር ልመልስ፤ ስጋቱ እውነተኛ ስለሆነ አሠራር ይፈልጋል።

አንድ ልጅ አንድ መጽሐፍ፣ ለአንድ ሳምንት። መጽሐፉን በጨርቅ ቦርሳ አድርገን እንሰጣለን፤ ሽሮው ቦርሳው ላይ ይፍሰስ። ቦርሳውን ከቁርጥራጭ ጨርቅ ማሰፋት ይቻላል። ሽፋኖቹን በላስቲክ እንለብጣለን። ጀርባቸው ላይ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ፕላስተር እንለጥፋለን፦ ቀይ ሥዕልና ፊደል ላለው፣ ቢጫ አጫጭር ዓረፍተ ነገር ላለው፣ አረንጓዴ ለረጅም ታሪክ። ልጁ ራሱ የሚሆነውን ይመርጣል፣ መላሹም የት እንደሚያስቀምጥ አይጠፋውም።

መታወቂያ አንጠይቅ። የሊስትሮው ልጅ መታወቂያ የለውም፣ አንዳንዱ ከገጠር ብቻውን የመጣ ነው። ዋስ ይጥራ። ዋሱ ጥበቃው ሊሆን ይችላል፣ የጉልቷ እናት ልትሆን ትችላለች፣ ባለሱቁም ይሆናል። የሚያውቀው ትልቅ ሰው ስሙን መዝገቡ ላይ ያስፍር፣ በቃ።

መጽሐፍ ቢጠፋ ገንዘብ አናስከፍል። ይሄን ጠንከር አድርጌ ነው የምለው። ቅጣት የፈራ ልጅ መጽሐፉን ብቻ አይደለም የሚያስቀረው፣ ራሱም ይቀራል። መጥቶ "ጠፋብኝ" ይበል። ከዚያ ቅዳሜ ከኛ ጋር ቁጭ ብሎ የተቀደዱትን በኮላና በፕላስተር ይጠግን። ሁለተኛ ዕድል ያገኛል።

በየቤታችን ስለሚሠሩት ልጃገረዶች አንድ ነገር ልበል። ለነሱ ጋሪም ውሰትም ብቻውን አይበቃም፤ ጊዜ ነው የሌላቸው። እሁድ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ለነሱ እንክፈት። ይሄ ግን የሚሳካው እኛ አባላት ከቤታችን ስንጀምር ነው። ያን ሰዓት እንልቀቃቸው። ሌላውን ነዋሪ መጠየቅ የምንችለው ከዚያ በኋላ ነው።

ምንጣፉንም ከደጃፍ አነሳለሁ። በምትኩ አግዳሚ ወንበርና የእግር መታጠቢያ ባልዲ ይኑር።

ከሂሳብ ያዥ፦

እሺ፣ ተረታሁ። ሦስት ነገር ግን ይመዝገብልኝ። በመጀመሪያው ወር የሚወጡት ከአንድ በላይ ቅጂ ያላቸው ብቻ ይሁኑ። በየወሩ መጨረሻ ቆጠራ ይደረግ፣ ውጤቱም ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ የጎደለው ሳይደበቅ። ሦስተኛ፣ የመክፈቻ ፕሮግራሙ ይቅር። ድንኳን፣ ባነር፣ የታሸገ ውሃ... ያ ገንዘብ ጋሪውን፣ ሸራውንና የቦርሳውን ጨርቅ ይሸፍናል ብዬ አስባለሁ። ዋጋ አጠያይቄ ከጉባኤው በፊት አቀርባለሁ።

ከጡረተኛው መምህር፦

ልጄ ተባረክ። አንድ ጥቂት ነገር ብቻ፦ ከልጆች ጋር ሲሠራ ሁልጊዜ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ይኑሩ። ጋሪው ጋም፣ ክፍል ውስጥም። የልጅ ፎቶም ያለ ወላጅ ፈቃድ አይነሳ፣ በስልክ አይላክ። አስነባቢዎቹ ሥልጠና ሲጀምሩ ይሄን ፈርመው ይግቡ።

ከማኅበሩ ጸሐፊ፦

ከዚህ በላይ የተባለውን አሰባስቤ ለጉባኤው የሚቀርበውን እንዲህ ጽፌዋለሁ፦

"ማኅበራችን ከሐምሌ 1 እስከ ጳጉሜ መጨረሻ የልጆች ቤተ መጻሕፍቱን አገልግሎት ከግቢው ውጪ ላሉ ልጆችም ያደርሳል። በሳምንት ሦስት ጠዋት የመጽሐፍ ጋሪ ወደ ጉልቱና ወደ ዋናው በር ይወጣል። ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ላሉ ልጆች ከ6 ያልበለጡ አባላት ያሏቸው የንባብ ቡድኖች ይቋቋማሉ፤ አስነባቢዎቹን መምህራችን ያሠለጥናሉ። በዋስ የሚሠራ የአንድ ሳምንት ውሰት ይጀመራል፤ ያለ ገንዘብ ቅጣት፣ በየወሩ ግልጽ ቆጠራ ይደረግበታል። እሁድ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ለቤት ሠራተኞች ይከፈታል። ልጆች የቡሄ ግጥማቸውንና የእንቁጣጣሽ ሥዕላቸውን በመጽሐፍ መልክ ያዘጋጃሉ። በማንኛውም ጊዜ ከልጆች ጋር ሁለት አዋቂዎች ይኖራሉ። የመክፈቻ ፕሮግራም አይኖርም።"

የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ማጠናከሪያው እንዳለ ይቀጥላል። አንድ ተጨማሪ መደርደሪያ ብቻ ይሠራል፤ ቀለሙን ለሚቀጥለው ዓመት አሻግሬዋለሁ። የጸጥታው ጥያቄ ገና አላለቀም፤ የብሎክ ተወካዩና እህታችን ጥበቃዎቹን አነጋግረው በጉባኤው ላይ አንድ ላይ ያቅርቡት። በቤታቸው አፋን ኦሮሞ፣ ጉራጊኛ ወይም ትግርኛ የሚናገሩ አያቶች በተረት ሰዓቱ እንዲገኙ የምትጋብዙ ካላችሁ ስማቸውን ላኩልኝ፤ ይሄን ዕቅዱ ውስጥ ማስገባት እፈልጋለሁ።

የሚስተካከል ካለ እስከ ሐሙስ ማታ አሳውቁኝ። ዓርብ ጠዋት አትሜ ማህተም አስደርግበታለሁ።