የተረፈ ምግብ መስጠት በሕግ ያስጠይቃል? እባካችሁ እርዱኝ

ጠያቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁም። የሠራተኞች ምግብ ቤት ኃላፊ ነኝ። በቀን 300 ሰው ያህል ይበላል። አንዳንድ ቀን ማንም ያልነካው ምግብ በትሪ በትሪው ይተርፋል፣ ከሰው ሳህን የሚመለሰውም ብዙ ነው፣ ከዚያ ሁሉም ተደባልቆ አንድ በርሜል ውስጥ ይደፋል። ሳየው ያንገበግበኛል። ለአንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት እንስጥ ብዬ ነበር፤ አለቃዬ «ሰው ቢታመም የምንጠየቀው እኛ ነን» ብሎ ከለከለኝ። አንድ አሳማ አርቢ ደግሞ በየቀኑ እየመጣሁ ልውሰደው ይለኛል። ሕጉ ምን ይላል? ከየት ልጀምር?

የጤና ቁጥጥር ላይ የሠራ፦
እህቴ፣ ከበርሜሉ ጀምሪ። ችግርሽ ያለው እዚያ ነው። አብዛኛው ሕግ ምግብን የሚያየው በሦስት መልኩ ነው፦ ለሰው የሚሆን፣ ለእንስሳ ሊሆን የሚችል፣ እና ቆሻሻ። ሦስቱም የተለያየ ደንብ አላቸው። ትሪ ላይ ያለው ያልተነካ ምግብ ገና ምግብ ነው። ከሳህን የተመለሰው ግን ለሰው መሰጠቱ አብቅቷል፣ የቱንም ያህል ንጹሕ ቢመስል። ሁለቱን ስትደባልቂያቸው ጥሩውም ቆሻሻ ሆነ ማለት ነው፣ ከዚያ በኋላ የትኛውም ሕግ አያድንሽም።

ያልተነካውን ለመስጠት ሙቀቱን መጠበቅ ግድ ነው። ትኩሱ ከ60 ዲግሪ በላይ፣ ቀዝቃዛው ከ5 ዲግሪ በታች ይቆይ። ማቀዝቀዝ ካለብሽ በድስቱ እንዳለ ፍሪጅ አትክተቺው፤ መሃሉ ለሰዓታት ለብ ብሎ ይቆይና ባክቴሪያ ይራባበታል። ጥልቀት በሌለው ሰፊ ትሪ ላይ በትኚው። ብዙ ቦታ የሚሠራበት ልክ በ2 ሰዓት ውስጥ ወደ 21 ዲግሪ፣ በቀጣዩ 4 ሰዓት ደግሞ ወደ 5 ዲግሪ ማውረድ ነው። በቴርሞሜትር ለኪና ሰዓቱን ጻፊው። የተጻፈ ነገር ከሌለሽ ለተቆጣጣሪ የምታሳዪው የለሽም።

የልገሳ አስተባባሪ፦
የአለቃሽ ፍርሃት የብዙ ሰው ፍርሃት ነው፣ ሕግ አውጪዎችም ስለሚያውቁት መልስ ሰጥተውበታል። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) አሜሪካ በ1996 ባወጣችው ሕግ ምግብ በቅን ልቦና የለገሰ ሰው፣ ከባድ ቸልተኝነት ወይም ሆን ብሎ የተሠራ ጥፋት ካልኖረ በቀር አይጠየቅም። ፈረንሳይ ደግሞ ከዚህም አልፋ ሄዳለች፦ በ2016 ከ400 ካሬ ሜትር በላይ የሆኑ ሱፐርማርኬቶች ከበጎ አድራጎት ድርጅት ጋር የልገሳ ውል እንዲፈርሙ አስገደደች፣ ለመብላት የሚሆን ምግብ ላይ በረኪና እያፈሰሱ መጣልንም ከለከለች። በኋላ ግዴታው በቀን ከ3,000 በላይ ምግብ ለሚያዘጋጁ ትልልቅ የሕብረት ማብሰያዎችም ደረሰ። ጣሊያን በዚያው በ2016 ከቅጣት ይልቅ ማበረታታትን መረጠች፤ ወረቀቱን አቀለለች፣ ማዘጋጃ ቤቶች ለለጋሾች የቆሻሻ ክፍያ እንዲቀንሱ ፈቀደች። እኔ የጣሊያኑ መንገድ ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ሰው ተገዶ ሲሰጥ ሊበላሽ አንድ ሐሙስ የቀረውን ነው የሚሰጠው።

አንቺ ያለሽበት ቦታ እንዲህ ያለ ከለላ መኖሩን ጠይቂ። ኖረም አልኖረ ከተቀባዩ ድርጅት ጋር በጽሑፍ ተዋዋዪ፦ ማን ያጓጉዛል፣ በስንት ሰዓት ይረከባል፣ ሲረከብ ሙቀቱ ስንት ነው፣ ከርክክቡ በኋላ ኃላፊነቱ የማን ነው። ምግቡ ውስጥ ኦቾሎኒ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ስንዴና የመሳሰለው ካለ በግልጽ ይጻፍ። አለርጂ ያለበት ሰው በዚህ ሊሞት ይችላል።

እንስሳት ሐኪም፦
እኔ ስለ አሳማው ብቻ ልናገር። እባክሽ ሳትጠይቂ እንዳትሰጪ! በ2001 እንግሊዝ ውስጥ ከ6 ሚሊዮን በላይ እንስሳት እንዲታረዱ ያደረገው የአፍተግር ወረርሽኝ የተነሳው በደንብ ያልተቀቀለ ትርፍራፊ ከተመገቡ አሳማዎች እንደሆነ ይታመናል። ከዚያ በኋላ የአውሮፓ ኅብረት ከማብሰያ ቤት የወጣ ትርፍራፊ ለእርባታ እንስሳት እንዳይሰጥ ከልክሏል። ሥጋ የሌለበት ቢሆንም ያው ነው። አሜሪካ ውስጥ በሚፈቅዱት ግዛቶች ሥጋ የነካው ትርፍራፊ ለአሳማ የሚሰጠው ፈቃድ ባለው ሰው፣ በ100 ዲግሪ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ተቀቅሎ ነው። ስለዚህ አርቢውን ፈቃድ አለህ ወይ፣ የት ነው የምትቀቅለው ብለሽ ጠይቂው። ካመነታ ተይው።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ የአሳማውን ነገር ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር! ሁለት ነገር ልጨምር። ከሳህን የሚመለሰውን የት ላድርሰው? መጋዘን ያሉትና ቀናቸው ያለፈ እሽጎችስ?

ኮምፖስት የሚሠራ፦
የሳህኑ ለብቻው ባልዲ ይግባ። ፕላስቲክ፣ ሶፍትና ማንኪያ እንዳይገባበት፤ አንድ ላስቲክ ሙሉ ባልዲ ያበላሻል። ከዚያ ወይ ወደ ኮምፖስት (ብስባሽ ማዳበሪያ) ወይ ወደ ባዮጋዝ (ከብስባሽ የሚገኝ ማገዶ ጋዝ) ይሄዳል። ከሌላ ቆሻሻ ጋር ከተቀበረ ግን አየር በሌለበት ይበሰብስና ሜቴን የሚባል ምድርን የሚያሞቅ ጋዝ ያወጣል። ለዚህ ነው ብዙ አገር መለየቱን ግዴታ ያደረገው። ደቡብ ኮሪያ በ2005 የምግብ ትርፍራፊ መቅበርን ከለከለች፣ ከ2013 ጀምሮ ደግሞ ሰው በጣለው ልክ ይከፍላል፤ አንዳንድ ቦታ በርሜሉ ራሱ ይመዝናል። እንግሊዝ ውስጥ 10 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ሁሉ ከማርች 31 ቀን 2025 ጀምሮ የምግብ ቆሻሻውን ለይቶ የማስረከብ ግዴታ አለበት። በማዘጋጃ ቤትሽ እንዲህ ያለ ደንብ መኖሩን፣ ሰብሳቢው ፈቃድ እንዳለው አጣሪ። ያለ ፈቃድ የሚጭን ሰው ሜዳ ላይ ቢደፋው አስረካቢውም ሊጠየቅ ይችላል።

የጤና ቁጥጥር ላይ የሠራ፦
ቀኑን በተመለከተ፣ ማሸጊያው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቢ። «እስከዚህ ቀን ይጠቀሙ» የሚለው የደህንነት ቀን ነው፣ ካለፈ አይሰጥም፣ አይበላም። «ከዚህ ቀን በፊት ቢጠቀሙት ይመረጣል» የሚለው ግን ስለ ጣዕምና ጥራት ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት ደንብ እሽጉ ደህና እስከሆነ ድረስ ቀኑ ካለፈም በኋላ እንዲለገስ ይፈቅዳል። የአንቺ ቦታ ደንብ ጠበቅ ያለ ሊሆን ስለሚችል ግን አረጋግጪ።

ጠያቂዋ፦
ገባኝ። ነገ ሦስት ባልዲ አስቀምጬ ለሁለት ሳምንት እየመዘንኩ እመዘግባለሁ። ውሉንም አርቅቄ መዝገቡን ይዤ ነው አለቃዬ ጋ የምገባው።

የልገሳ አስተባባሪ፦
ጎበዝ። ስትመዝኚ የምግቡን ዓይነትም ጻፊ። በየሳምንቱ አንድ ዓይነት ምግብ የሚተርፍ ከሆነ ድስቱን ማሳነስ ነው እንጂ መለገስ አይደለም መፍትሔው።

ጠያቂዋ፦
እሱንም እጽፋለሁ። የሁለት ሳምንቱን ውጤት እዚሁ አሳውቃችኋለሁ።