የጋራ ፕሮፖዛላችን፦ የድንገተኛ ታማሚን የደም ዝውውር በምን እንለካ?

ሰብሳቢ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለጥናት ፕሮፖዛላችን፣ የትኛው ታማሚ እንደሚብስበት ለመተንበይ የደም ዝውውሩን በምን እንለካ በሚለው ላይ ሁለት ሐሳብ ቀርቧል። አንደኛው፣ ልብ በደቂቃ የምትረጨውን ደም ሳይወጋ የሚለካ ሞኒተር እናስገዛ የሚል ነው። ሁለተኛው ባለን እንሥራ ይላል። አስተያየት ጻፉ፣ እባካችሁ አውራ ጣት ብቻ አትላኩ።

ሲስተር (ትሪያጅ፣ ታማሚ ሲገባ የሚለይበት)፦ እኔ ማሽኑ ይቅር ከሚሉት ነኝ። ሰው ከቦንጋ በኩል ሰዓታት ተጉዞ ጅማ ይደርሳል፣ ቢፒው (የደም ግፊቱ፣ የላይኛው ቁጥር) 110 ነው፣ ደህና ነው ተብሎ ወንበር ላይ ይቀመጥና ትንሽ ቆይቶ ይዝለፈለፋል። ቢፒ እኮ ዘግይቶ ነው የሚወርደው። ሰውነት ሲጨንቀው መጀመሪያ ደም የሚነፍገው ቆዳንና እጅ እግርን ነው። ጣቱን ጫን አድርጌ ስለቀው፣ ቀለሙ ለመመለስ ከ3 ሴኮንድ በላይ ከፈጀ ወንበር ሳይሆን አልጋ ነው የምፈልግለት። ደግሞ የልብ ምቱን እዩ። 120 ከሆነ፣ ለቢፒው ለ110 ሲካፈል 1.09 ይመጣል። የጤነኛ ሰው ከ0.5 እስከ 0.7 ነው።

ዶክተር (ድንገተኛ ክፍል)፦ ሲስተር ልክ ናት። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው አንድሮሜዳ ሾክ የሚባለው ጥናት፣ በደቡብ አሜሪካ 5 አገሮች 424 የሴፕቲክ ሾክ (በኢንፌክሽን ምክንያት የደም ዝውውር መዳከም) ታማሚዎችን ለሁለት ከፍሎ፣ ግማሹን ጣት እየተጫነ ግማሹን ላክቴት (ዝውውር ሲዳከም ደም ውስጥ የሚጨምር ንጥረ ነገር) እየለካ አከመ። በ28 ቀን ውስጥ በጣት ቡድን 34.9፣ በላክቴት ቡድን 43.4 በመቶ ሞቱ። ልዩነቱ በስታቲስቲክስ ለጥቂት ስላልጸና "ጣት ይበልጣል" ብለን እንዳንጽፍ። አጫጫኑን ግን እንውሰድ፦ የማይክሮስኮፕ ስላይድ ጣቱ ላይ 10 ሴኮንድ ተጭኖ፣ ሲለቀቅ በሰዓት መቁጠር። ስላይድ ላቦራቶሪ ውስጥ ሞልቷል።

ባዮሜዲካል፦ ሞኒተሩን እርዳታ ሊሰጠን ይችላል፣ ሰውነት ላይ ተለጥፎ በየታማሚው የሚጣለውን ፓድ ግን ማን ይገዛዋል? ስንት ማሽን በዚህ ምክንያት መጋዘን ገብቷል! ይልቅ ጣት ላይ የምንሰካው ኦክሲሜትር (የደም ኦክስጅን መለኪያ) ብዙ ጊዜ "ፒአይ" የሚል ቁጥር ያሳያል፣ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ደሙ ምን ያህል እየመታ እንደሚያልፍ ይነግራል። እሱን እንመዝግብ።

ሲስተር (ትሪያጅ)፦ በሐምሌ ዝናብ ተመትቶ የገባ ሰውስ? ጣቱ በረዶ ነው፣ ፒአይውም ይወርዳል። መጀመሪያ በብርድ ልብስ ይሙቅ፣ ከዚያ ይለካ። አንዴ ብቻም አይበቃም፣ በደም ሥር ፈሳሽ ከወሰደ በኋላ መደገም አለበት።

ዶክተር (ድንገተኛ ክፍል)፦ ይሄ ይግባ። አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። ውጤቱን ለሚያክመው ሐኪም ከነገርነው ሕክምናው ይቀየራል፣ ትንበያችንም ይዛባል። ብንደብቀው ደግሞ ነውር ነው። እኔ ይነገረው፣ ምን እንዳደረገም ይጻፍ እላለሁ።

ሰብሳቢ፦ ተስማምቻለሁ፣ ሞኒተሩ ወጥቷል። ክትትሉ 28 ቀን ከሆነ የአስታማሚም የጎረቤትም ስልክ ይያዝ፣ ብዙው ታማሚ የራሱ ስልክ የለውም። ሲስተር የአለካኩን ቅጽ፣ ዶክተር የአይአርቢውን (የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴውን) ክፍል እስከ ዓርብ ላኩልኝ።

ሲስተር (ትሪያጅ)፦ ቅጹ ከአንድ ገጽ ካለፈ ትሪያጅ ላይ ማንም አይሞላውም፣ ከአሁኑ ልንገራችሁ።