በነጥብ በተቆረጠ ትኬት ፍራንክፈርት ላይ መቆየት ይቻላል?

ጥያቄ፦ «ኤሮፕላን» በሚባለው የኤር ካናዳ የደንበኞች ነጥብ ፕሮግራም ባጠራቀምኳቸው ነጥቦች ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ ትኬት ልቆርጥ አስቤ፣ በመንገዴ ፍራንክፈርት ያለችውን እኅቴን ለሦስት ቀናት ማየት እፈልጋለሁ። ተጨማሪ ነጥብ ይጠየቅበታል?

መልስ፦ አዎን። በዓለም አቀፍ ጉዞ ከ24 ሰዓት ያነሰ ቆይታ በረራ መቀየሪያ ብቻ ሲሆን፣ ከዚያ ያለፈው «ስቶፕኦቨር» ስለሚባል፣ ፕሮግራሙ በአንድ አቅጣጫ ጉዞ 5,000 ነጥብ ያስጨምራል።

ሌላ መልስ፦ ጠዋት ገብተው በማግስቱ 24 ሰዓት ሳይሞላ ቢነሡ ነጥቡ ይተርፍልዎታል፤ ለእኅት ግን አንድ ቀን ምን ይበቃል!

ሌላ መልስ፦ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ከያዙ፣ የአሜሪካ ግሪን ካርድ ቢኖርዎትም ከአውሮፕላን ማረፊያው ለመውጣት የሸንገን ቪዛ ስለሚያስፈልግዎ፣ ትኬቱን ከመቁረጥዎ በፊት እርሱን ያስቀድሙ።