የ911 ሲሊንደር፦ ማግኔቱ የሳበው ምኑን ነው?

የሱሉልታው ቮልስ፦
ጤና ይስጥልኝ። በቮልስ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ከሣር ክምሩ አጠገብ ባለችው ቆርቆሮ ቤቴ ሞተሯን ዓይኔን ጨፍኜ ፈትቼ እገጥማለሁ። አሁን ግን የሰው አደራ ይዤ ተጨንቄያለሁ። መኪናው በአውሮፓ አቆጣጠር የ1980 ፖርሽ 911 ኤስሲ ነው፣ 3 ሊትር። እንጦጦን ሲወጣ ሰማያዊ ጭስ ያስከትላል። የግራውን ሦስት ሲሊንደሮች አወጣሁ፤ ውስጣቸው ልስልስ ነው፣ ጭረት በጥፍር አይሰማም። በቮልስ ልማዴ ቢሆን ውስጡን ትንሽ አሻክሬ አዲስ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) አስገባና ነገሩ አበቃ። ቶርኖ ቤቱም ቀብድ ተቀብሎኛል። እጄን የያዘኝ የሲሊንደሩ ቅለት ነው። ከተበላሸ ኮምፒውተር ያወጣሁት ማግኔት ደግሞ በደካማው ሳብ አድርጎታል። ኒካሲል የሚሉት፣ ውስጡ የተለበጠው የአልሙኒየም ሲሊንደር ነው ልበል?

ቃሊቲ ጋራዥ፦
ሲሊንደር ሲሊንደር ነው ወንድሜ። አሻክረህ ግጠም።

ጡረተኛው የቶርኖ ባለሙያ፦
ልጄ፣ የቃሊቲውን ምክር አትስማ። የቮልስ ሲሊንደር የብረት ነው፤ ብታሻክረውም ብታሰፋውም ይችላል። የድሮዎቹ 911ዎችም አንዳንዶቹ የብረት ነበሩ፤ ባይራል የሚባለው ደግሞ ውስጡ ብረት፣ የማቀዝቀዣ ክንፎቹ አልሙኒየም ናቸው። ያንተው ኤስሲ ግን ከሁለት አንዱ ነው፤ ፋብሪካው ሁለቱንም ገጥሟል። ኒካሲል አልሙኒየም ሆኖ ውስጡ በኒኬልና በሲሊኮን ካርባይድ የተለበጠ ነው። ማህለ የተባለው የጀርመን ፋብሪካ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1967 ቫንክል ለሚባለው፣ በፒስተን ፈንታ የሚሽከረከር ሮተር ላለው ሞተር ያወጣው ነው፤ ፖርሽ በ917 የውድድር መኪናው ላይ ተጠቅሞበታል። አሉሲል ግን ልባጥ የለውም። አልሙኒየሙ ራሱ 17 በመቶ ገደማ ሲሊኮን አለው፤ ፋብሪካው የላይኛውን አልሙኒየም በኬሚካል አሳስቶ የሲሊኮኑን ቅንጣቶች ብቻ ያስቀራል፤ ፋሻው የሚሄደው በእነርሱ ላይ ነው። እርሱን በተራ ድንጋይ ካሻከርክ ቅንጣቶቹን ሰባብረህ ለስላሳውን አልሙኒየም ለፋሻው አጋለጥከው ማለት ነው። ጭሱ በወሩ ይመለሳል።

አሁን አንድ ነገር ንገረኝ። ማግኔቱ የሳበው ምኑን ነው? የሲሊንደሩን ውስጥ ነው ወይስ ፒስተኑን?

የሱሉልታው ቮልስ፦
ጋሼ፣ እውነት ለመናገር ፒስተኑን ነው። ፒስተኑ ገና ሲሊንደሩ ውስጥ ስለነበር ከሥር በኩል አስጠጋሁት።

ጡረተኛው የቶርኖ ባለሙያ፦
ፋሻውና ፒስተኑን ከቢየላው የሚያያይዘው ፒንም ብረት ስለሆኑ እነርሱም ይስባሉ፤ ያ ፈተና አይቆጠርም። ፋሻውን አውልቅ፣ ፒኑን አውጣ፣ ከዚያ ማግኔቱን በፒስተኑ ቀሚስ (ከፋሻው በታች ባለው ጎኑ) ላይ ብቻ አድርግ። የአሉሲል ፒስተን አልሙኒየም በአልሙኒየም ላይ እንዳይነክስ በስስ ብረት የተለበጠ ነው። ስለዚህ ፒስተኑ በደካማው ስቦ ሲሊንደሩ ጨርሶ ካልሳበ ያለህ አሉሲል ነው፤ አንተ ካሰብከው ተቃራኒው ማለት ነው። በኒካሲል ጊዜ የሚስበው ሲሊንደሩ ነው፣ ያውም በጥቂቱ። ከሁሉ የሚሻለው ግን የሲሊንደሩን ሥር በነጭ ጋዝ አጥበህ ምልክቱን ማንበብ ነው፤ በኤስሲ ላይ የማህለ ስም ኒካሲል ነው፣ ኬ ኤስ (የሌላው ፋብሪካ የኮልበንሽሚት ምልክት) ካለ አሉሲል። ስድስቱንም እይ። አንዱን ጎን አይቶ ስለ ሌላው የሚምል መካኒክ ብዙ አይቻለሁ።

የሱሉልታው ቮልስ፦
አጥቤ አነበብኩ፤ የግራው ሦስቱም ኬ ኤስ ናቸው። ማግኔቱም እንዳሉት ፒስተኑ ላይ ሳብ አለ፣ ሲሊንደሩ ላይ ግን ዝም። ትናንት የቀኙን ፈታሁ፤ ያውም ኬ ኤስ ነው። ታዲያ ጭሱን በምን ላጥፋው?

ጡረተኛው የቶርኖ ባለሙያ፦
መጀመሪያ ጭሱ ከሲሊንደሩ ነው ያለህ ማን ነው? ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) ፍታና የቫልቭ ጋይዱን፣ ማለትም ቫልቩ የሚመላለስበትን ቱቦ ተመልከት፤ ላልቶ ከሆነ ዘይቱ የሚወርደው በዚያ ነው። ውስጡ ካልተጫረና ልኩ 95 ሚሊሜትር ከሆነ ሲሊንደሮቹን አትንካቸው። ከተበላ ግን የራሱ ፒስተን ያለው የኒካሲል ሙሉ ስብስብ ይገዛል። ያንተን ፒስተን ከኒካሲል ሲሊንደር ጋር እንዳታጋባ።

የሱሉልታው ቮልስ፦
ቫልቮቹ በጣት ሲነኩ ይወዛወዛሉ! ቶርኖ ቤቱ ቀብዱን አልመልስም ስላለ፣ በምትኩ የቮልሴን አራት ሲሊንደሮች ሊያሰፋልኝ ተስማምተናል።