የልብ ወለዱ ዕቅድ፦ ማታ 2፡10 ይቆይ ወይስ ይቅር?

ሰናይት፦ ረቂቅ ሦስት ይኸው። አያት ጨፌ ኮንዶሚኒየም፣ 2015። የባለሱቁ ስልክ ተሰርቆ በቴሌብር ገንዘብ ወጥቶበታል። መልእክቱ 20፡10 ይላል፤ ማታ 2፡10 ማለት ነው። መርማሪው 12 ቀንሶ 8፡10 ብሎ ጻፈ፣ 6 መቀነሱን ረሳ፣ ክሱ ላይ «ከቀኑ» ተጨመረበት። ቀን 8፡10 ላይ ደግሞ የ17 ዓመቱ ኪሩቤል ሱቁ ውስጥ ብቻውን ሲቆም ታይቷል። ተፈረደበት። ማታ የት እንደነበረ የምታውቀው አብራው የነበረችው ሊዲያ ናት፤ አባቷን ፈርታ ዝም ብላለች። የሰዓቱን ስህተት የምትደርስበት ጓደኛቸው ሐና ናት። 160 ገጽ፣ 500 ቅጂ፤ ወረቀቱን ጋሽ ታደሰ ይችላሉ።

ብሩክ፦ የቴሌብር መልእክት የተቀባዩን ስም ይጽፋል። ገንዘቡ ማን ጋ ሄደ? ይህ ካልተመለሰ ሌባው ገጽ 5 ላይ ይታወቃል።

ጋሽ ታደሰ፦ በማታ የሰው ልጅ ከወንድ ጋር ውጭ ምን ትሠራለች? መጽሐፉ ትምህርት ቤት ነው የሚገባው። ቀን ይሁን።

ሰናይት፦ ቀን ከሆነ ታሪኩ ፈረሰ ጋሽ ታደሰ። ዝምታዋ እኮ የማታው ነው።

ጋሽ ታደሰ፦ እንግዲያው ሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር ጥናት ላይ ይሁኑ።

ብሩክ፦ መዘምራኑ ሁሉ ይመሰክሩለታላ! ማን ይፈርድበታል? የተቀባዩን ስም ነገር አሁንም አልመለሳችሁም።

ሜሮን፦ መብራት ጠፍቶ ብሎኩ ደረጃ ላይ ቢቀመጡስ?

ጋሽ ታደሰ፦ በጨለማ ደረጃ ላይ! ጭራሽ!

ዮናስ፦ የማተሚያ ቤት ዋጋ እኔ ነገ አመጣለሁ።

ሜሮን፦ ወረቀት የገዛ ሁሉ ደራሲ ነው እንዴ?

ጋሽ ታደሰ፦ ወረቀቴን ለሌላ ሥራ አውለዋለሁ።

ሰናይት፦ ሜሮን፣ ተይ። ጋሽዬ፣ እርስዎም አይቀየሙ፤ ሊዲያ ሐናን ልታስጠና ሄዳ ስትመለስ በር ላይ ቢገናኙ ምን ይላሉ?

ጋሽ ታደሰ፦ ምን ያህል ደቂቃ?

ሜሮን፦ በስመ አብ።

ብሩክ፦ እናንተ ደቂቃ እስክትቆጥሩ የሕጉን ምዕራፍ አስተካክሉ። ረቂቁ «በልጅነቱ በነፃ ለቀቁት» የሚል ቦታ አለው፤ አይሆንም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለው ነው የተለየ እርምጃ የሚወሰድበት። 17 ዓመት በመደበኛው ቅጣት ይጠየቃል፣ ዳኛው ሊያቀልለት ይችላል እንጂ። ፖሊስ በ48 ሰዓት ፍርድ ቤት ያቀርበዋል፤ ለምርመራ የሚሰጠው ጊዜ ቀጠሮ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን አይበልጥም። በ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ይግባኝ ማለቱን በ15 ቀን ያስታውቃል፣ ማመልከቻውን የፍርዱ ግልባጭ ከደረሰው በ30 ቀን ያስገባል። ሐና ስህተቱን ከፍርዱ በኋላ በስድስተኛው ወር ካገኘችው የይግባኙ ቀን አልፏል፤ ወይ ቶሎ ታግኘው፣ ወይ ይግባኙን ከጊዜው ውጭ ለማስፈቀድ በቂ ምክንያት ፈልጉላት። መጨረሻው ላይ ያለውን ይቅርታም አውጡት፤ ይቅርታ ቅጣት ይምራል እንጂ ንጹሕ ነህ አይልም።

ጋሽ ታደሰ፦ ይኸ ነው ቁም ነገር! ይኸ ይጻፍ፤ ፍቅሩ ይቅር።

ሰናይት፦ ፍቅሩ ከቀረ ምን ይነበባል?

ሜሮን፦ ጓደኝነቱ በቂ ነው። ያኔ ገጹም ያንሳል፦ 160 ገጽ በ16 ሲካፈል 10 ፎርማ (አንድ ላይ የሚታተም ባለ16 ገጽ ወረቀት) ነው። 32 ገጽ ብናደርገው 2 ፎርማ፣ ጀርባው ሙጫ አይፈልግም፣ መሐሉ ላይ በሽቦ ይሰፋል። በዚያው ወረቀት ከ500 በላይ ይወጣል።

ጋሽ ታደሰ፦ «የተያዘ ልጅ ምን ያድርግ» ተብሎ ይታተም። ከፊት አጭር ታሪክ ይግባ።

ሰናይት፦ ልብ ወለድ ነበር ያልነው።

ብሩክ፦ አጭርም ቢሆን የተቀባዩ ስም ይቀራል። ዮናስ፣ ዋጋው የት ደረሰ? ሜሮን ባለችው ገጽ ይጠየቅልን።

ሜሮን፦ ዮናስ መልእክቱን አይቶታል፣ አይመልስም።

ጋሽ ታደሰ፦ ሽፋኑ ላይ ልጅቷ ነጠላ ትልበስ።

ሰናይት፦ ልጅቷ እኮ ከታሪኩ ወጥታለች ጋሽ ታደሰ።