የአያቴ ምንሽር ዝጓል፤ በምን ልወልውለው?

የአዘዞው ልጅ፦
እንደምን ዋላችሁ። እኛ ቤት አንድ አሮጌ ጠመንጃ አለ። አያቴ አርበኛ ነበሩ፤ ጎንደር ከጣሊያን ነፃ ስትወጣ ነው ያገኙት ይባላል። ቤተሰቡ ምንሽር ይለዋል። ፈቃዱ በአባቴ ስም ነው። እስካሁን በቆዳ ልባሱ እንዳለ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ኖሯል። ክረምቱ ሲወጣ አውርጄ ሳየው ደነገጥኩ። ብረቱ ቡናማ ዝገት ይዟል፣ እንጨቱ ደርቆ ነጣ ነጣ ብሏል። ከሁለት ዓመት በፊት አጎቴ ለቅሶ ላይ ሁለት ጥይት ተኩሶበት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አፈሙዙ ብሶበታል። ብየዳ ቤት ያለው ጎረቤቴ «በግራይንደር አንጸባርቄ ቀለም እቀባልሃለሁ» ይለኛል። ልስጠው? በተቃጠለ የሞተር ዘይትስ ይወለወላል? አጎቴ ደግሞ ለጥምቀት ሊተኩስበት አስቧል።

ቸቸላ፦
ስማ ልጄ፣ ዝገቱ ይቆይ። ባዶ መሆኑን አይተሃል?

የአዘዞው ልጅ፦
ጋሼ፣ አባቴ ባዶ ነው ብሎኛል።

ቸቸላ፦
አባትህን አከብራለሁ። አንተ ግን በዓይንህ እይ። ውጭ አውጣው፣ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙር፣ ጣትህን ከምላጩ አርቅ፣ ከዚያ ክፈተው። የጣሊያን ከሆነ ጥይቱ የሚገባው በስድስት በስድስት በቆርቆሮ ማቀፊያ ታቅፎ ነው። ከፍተህ ያየኸው አንድ ጥይት ሲወጣ «አለቀ» እንዳትል፤ ማቀፊያው ውስጥ ሌላ ይኖራል። ምላጩን በሚከልለው ቀለበት ፊት ላይ አንዲት ቁልፍ አለች። ከፍተህ ስትጫናት ማቀፊያው ከነጥይቱ ወደ ላይ ይወጣል። እሱን ሳታደርግ ጨርቅ እንዳታነሳ።

ማራኪ፦
በእግዚአብሔር፣ ግራይንደሩን ተወው! እኔ የድሮ ዕቃ ሰብሳቢ ነኝ። ያየኋቸው የተበላሹ ጠመንጃዎች አብዛኞቹ በዝገት አይደለም የተበላሹት፤ ሊያሳምራቸው በወደደ ሰው ነው። በብረቱ ላይ የተመታው ጽሑፍ የጠመንጃው የልደት ወረቀት ነው። ግራይንደር በአንድ ደቂቃ ይልሰዋል።

ምንሽር ስላላችሁት፦ እኛ አገር ብዙ ረጅም አሮጌ ጠመንጃ ምንሽር ይባላል። ስሙ ላይ አትመካ፣ ብረቱን አንብበው። የጣሊያኑ ካርካኖ በ1891 የጸደቀ ሞዴል ነው፣ በአውሮፓ አቆጣጠር። ከምላጩ ፊት ካዝናው ወደ ታች ወጣ ብሎ ይታያል፣ ግርጌው ላይም ቀዳዳ አለው። ማቀፊያው ባዶ ሲሆን በዚያ ነው የሚወድቀው። ጭቃና አቧራም በዚያው ይገባል፤ እዚያ በደንብ ጥረግ። አብዛኛው 6.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ1938 ግን በ7.35 የተሠራም ወጥቷል። ስለዚህ «የጣሊያን ጥይት» ስለተባለ ብቻ ይገባል ማለት አይደለም። አንበሳ ተቀርጾበት ካገኘህ ነገሩ ሌላ ነው። ያ ከወረራው በፊት መንግሥታችን ከቤልጅግ የገዛው ማውዘር ሊሆን ይችላል።

የደባርቁ፦
እኛ ቤት ውጅግራ አለ፤ ስሙ ፈረንሳዮቹ ፉዚል ግራ ከሚሉት የመጣ ነው። አባቶቻችን ዓድዋም ይዘውት ዘምተዋል። አያቴ በቅቤ ነበር የሚወለውሉት፣ ምንም አልሆነም። የሞተር ዘይትም ያው ቅባት ነው፣ ምን ችግር አለው?

ማራኪ፦
ወንድሜ፣ አያትህ በየሳምንቱ ስለሚወለውሉት ነው ምንም ያልሆነው። ተቀብቶ ዓመት ከተቀመጠ ቅቤ ይሻግታል፣ ሲሻግት ይኮመጥጣል፣ ኮምጣጣ ነገር ደግሞ ብረት ይበላል። የተቃጠለ የሞተር ዘይትም አሲድና የብረት ብናኝ ይዟል። አዲስ የሞተር ዘይት ግን ስስ አድርገህ ብትቀባው ክፉ አይደለም። የልብስ ስፌት መኪና ዘይትም ይሆናል።

ሥራው እንዲህ ነው። የደረቀውን አሮጌ ቅባት በነጭ ጋዝ አርጥበህ ጥረግ፤ ደጅ ላይ፣ ከእሳት ርቀህ። የዛገውን በዘይት አርጥበህ አሳድር። በማግስቱ ከናስ በተሠራ ነገር ቀስ ብለህ ፋቀው። ናስ ከብረቱ ስለሚለሰልስ ዝገቱን እንጂ ብረቱን አይጭርም። እኔ ባዶ ቀለህ ጠፍጥፌ በጠርዙ ነው የምፍቀው። ብርጭቆ ወረቀት ግን አይነካው። የቀረው ጥቁር ቡናማ ጥላ ይቅር፣ ዕድሜው ነው።

ቸቸላ፦
አፈሙዙን ያባሰው የአጎትህ ተኩስ ነው። የዚያ ዘመን የጦር ጥይት ግርጌው ላይ ባለችው ቆብ ውስጥ ክሎሬት አለበት። ሲፈነዳ በብረቱ ውስጥ ጨው ይተዋል። ጨው እርጥበት ይጠራል። በጎንደር ክረምትማ ምን እንደሚያደርግ አስበው። ሰው ዘይት ቀብቶ የወለወለ ይመስለዋል፤ ዘይት ግን ጨው አያሟሟም። ጨው የሚያወጣው ውሃ ነው፣ በተለይ የፈላ።

መቀባበያውን ከፍተህ፣ ምላጩን ስበህ ይዘህ ወደ ኋላ ብትጎትተው ካርካኖ ከሆነ ይወጣልሃል። አፈሙዙን ወደ ታች አድርገህ ከኋላ የፈላ ውሃ አፍስስበት። ለዚህ ጀበና ይመቻል፣ አፏ ቀጭን ናት። እንጨቱ ውስጥ ውሃ እንዳይገባ ተጠንቀቅ። ብረቱ ስለሚግል ቶሎ ይደርቃል። በንጹሕ ጨርቅ ወልውል፣ ከዚያ ዘይት። በሳምንቱ ደግመህ እየው፤ ጨርቁ ቀይ ሆኖ ከወጣ ድገመው።

ለጥምቀት ያልከው ግን፣ ኧረ ተው! ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት ሰማይ ላይ አይቀርም። በፋሲል ባሕረ ጥምቀት ዙሪያ ያለውን ሕዝብ ታውቀዋለህ። ፈቃዱ የመያዝ እንጂ በሰው መሐል የመተኮስ አይደለም። በዚያ ላይ ማንም ያልመረመረው የቆየ ብረት ነው፤ ቢፈነዳ የሚፈነዳው አጎትህ ጉንጭ ሥር ነው።

የቅዳሜ ገበያዋ አናጺ፦
ስለ እንጨቱ እኔ ልንገርህ፣ ሥራዬ ነው። ቫርኒሽ እንዳትቀባው፣ እንዳትልገውም። ቆሻሻውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረግ፣ ጥላ ላይ ይድረቅ። ከዚያ የተልባ ዘይት። በመዳፍህ ጥቂት ጠብታ ይዘህ እስኪሞቅ እሸው፣ የተረፈውን ጥረግ። በሁለት ሦስት ቀን ልዩነት ሦስት አራቴ ድገም። የወጥ ዘይት አይሁን፤ ሳይደርቅ እየተጣበቀ አቧራ ይሰበስባል።

አንድ ነገር ግን አደራ። የተልባ ዘይት የነካውን ጨርቅ ጨብጠህ ጥግ ላይ እንዳትጥል። ሲደርቅ በራሱ ይግላል፣ ክብሪት ሳይነካው ይነዳል። ዘርግተህ ደጅ አድርቀው፣ ወይም ውሃ ውስጥ ንከረው።

ማራኪ፦
የቆዳ ልባሱንም ለይተህ አስቀምጠው። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ የተለፋበት ነገርም ብረት ያዝጋል። ጠመንጃውን በቀጭን አቡጀዲ ጠቅልለህ በቁልፍ በሚዘጋ ቁም ሳጥን አኑረው፤ መቀባበያው ለብቻው ሌላ ቦታ ይቆለፍ።

የአዘዞው ልጅ፦
ተመለስኩ። ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንዳሉኝ ውጭ አውጥቼ ከፈትኩት። አንድ ጥይት ጎርሷል። ቁልፏን ስጫናት ማቀፊያው ከነሦስት ጥይቱ ወጣ። አጎቴ ሁለቱን ተኩሶ፣ ቀለሁን አውጥቶ እንደገና ዘግቶት ነው የሰቀለው። ሁለት ዓመት ሙሉ ልጆቼ ከሥሩ ይተኙ ነበር። አባቴ ሲያይ ቃል አልወጣውም። አጎቴም ድምፁ ጠፍቷል፤ የጥምቀቱን ነገር አላነሳም።

ጥይቶቹን ለፖሊስ አስረክበናል። ዝገቱን በዘይት ሳለሰልሰው «ተርኒ» የሚል ጽሑፍና 1917 የሚል ቁጥር ወጣ።

ማራኪ፦
ካርካኖ ነዋ! ተርኒ የጣሊያን የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ያለበት ከተማ ነው። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተሠራ ነው ማለት ነው። ጣሊያኖች ጎንደር ላይ እጃቸውን ሲሰጡ፣ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም.፣ ዕድሜው 24 ነበር። ጽሑፉን ፎቶ አንሳው፣ ከአያትህ ታሪክ ጋር አስቀምጠው።

የአዘዞው ልጅ፦
አንስቻለሁ። ውሃውንም ሁለት ጊዜ አፍስሼበታለሁ፤ የመጀመሪያው ሻይ መስሎ ወጣ፣ ሁለተኛው ንጹሕ ነው። እናቴ ግን ጀበናዋን ጭራሽ አልሰጥም ስላለችኝ በማንቆርቆሪያ ነው የተገላገልኩት።